የክረምቱን የሽርሽር ጀልባ ለዳክዬ ወቅት እንዴት እናሰናዳ?

መስከረም በጠባ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመጣልኛል። «አቦ፣ ሽርሽሩ አለቀ። አሁን ጀልባዋን ምን ላድርጋት?» ጠያቂዎቹ ከድሬም ከሐረርም ናቸው። ክረምቱን ሙሉ ሙቀት የሸሸውን ሰው ሐረማያ ሐይቅ ላይ ሲያንሸራሽሩ የከረሙ ናቸው። አብዛኞቹ ጀልባዋን ዳር ላይ ገልብጠው እስከሚቀጥለው ዓመት ይረሷታል። ይህ በጣም ይቆጨኛል። የሐይቁ ምርጥ ጊዜ ገና መጀመሩ ነውና። ከመስከረም መጨረሻ አንስቶ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹ ዳክዬዎች መግባት ይጀምራሉ። እስከ መጋቢት ድረስም ይቆያሉ።

ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ ነገሩን አንዴ ከሥር ከመሠረቱ ልጻፈው ብያለሁ።

«የዳክዬ አደን» ሲባል ጠመንጃ የሚታያችሁ ካላችሁ ከወዲሁ እንተዋወቅ። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ክልክል ነው። ወፍም የዱር እንስሳ ነው። እዚህ የማሳያችሁ አደን በካሜራና በሩቅ ማሳያ መነጽር የሚደረገውን ነው። ይህ ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዳክዬ ጠመንጃ ያዝክ ካሜራ ያዝክ ብላ አትለይም። ቅርጽ ካየች፣ ድምፅ ከሰማች ትነሳለች። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ጀልባዋ እንዳትታይና እንዳትሰማ ማድረግ ነው።

መቼ ይጀመር?

የመስከረም የመጨረሻ ሁለት ሳምንታት ለዝግጅት ይብቋችሁ። ጥቅምት ላይ ወፎቹ ጥቂት ስለሆኑ ለልምምድ ጥሩ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ዋናው ጊዜ ነው። አንድ ነገር ግን እወቁ። በጥቅምት የሚገቡት ወንዶቹ ዳክዬዎች ቀለማቸው ገና የደበዘዘ ነው። ከሴቶቹ ለመለየት ያስቸግራሉ። ያማረ ፎቶ የምትፈልጉ ከሆነ ቸኩላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ከታኅሣሥ በኋላ ላባቸው ይደምቃል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለሞተሩ፦
- የካንዴላ መፍቻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ
- በርሜልና ንጹህ ውሃ
- የማርሽ ዘይት፣ ትንሽ የሞተር ዘይት፣ ግራሶ

ለድምፅና ለመከለያ፦
- አሮጌ ምንጣፍ፣ የተቀደደ ከመነዳሪ፣ ቫዝሊን
- 6 ወይም 7 የቃጫ ጆንያ
- ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ 8 ቀጭን ዘንግ (ቀርከሃ ቢሆን ይመረጣል)
- ሁለት እስር የማሽላ አገዳ
- ሲባጎ፣ በደንብ የሚበቃ

ለውሃው፦
- ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የሕይወት አድን ጃኬት
- ሁለት መቅዘፊያና አንድ መጠባበቂያ
- ሦስት ሜትር ገደማ የሆነ የመግፊያ ዘንግ
- ሁለት መልህቅ (ድንጋይ የሞላ ከረጢት ይሆናል)፣ ለእያንዳንዱ 15 ሜትር ገመድ
- ባልዲ፣ ፊሽካ፣ የግንባር ባትሪ

ለማየት፦
- 8×42 መነጽር (8 እጥፍ የሚያጎላ)
- 300 ወይም 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው ካሜራ፣ ካላችሁ
- ሁለት ኪሎ ማሽላ የሞላ የጨርቅ ከረጢት

ለራሳችሁ ወፍራም ጃኬት፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቡት፣ አንድ ፔርሙስ ሆጃ ወይም ሻይ።

ጆንያውን ሐረር ሸዋ በር አካባቢ፣ ድሬ ደግሞ ቀፊራ ታገኙታላችሁ። ስትገዙ የቃጫውን ለዩ። ነጩን የፕላስቲክ ማዳበሪያ እንዳትገዙ። ምክንያቱን አምስተኛው ደረጃ ላይ እነግራችኋለሁ።

ደረጃ 1፦ ሞተሩን አሳርፉ

ለዳክዬ ሞተር አያስፈልግም። አንዴ ከተነሳ በሐይቁ ላይ ያለው ወፍ ሁሉ ወደ ወዲያኛው ዳር ይሄዳል። ጠዋቱም በዚያው አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ሞተሩ ይወርዳል። ግን ዝም ብሎ ፈትቶ መጋዘን መወርወር አይደለም። ክረምቱን ጭቃማ ውሃ ሲጠጣ የከረመ ሞተር በአግባቡ ካልተቀመጠ ሚያዝያ ላይ አይነሳም።

ሀ. ሞተሩን ንጹህ ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ አቁሙት። ውሃው ከውሃ መሳቢያው ቀዳዳ በላይ ይሁን። ለ10 ደቂቃ በዝቅተኛ ፍጥነት አስነሱት። ይህ በማቀዝቀዣ ቱቦዎቹ ውስጥ የተቀመጠውን ደለል ያጥባል። ደለሉ እዚያው ከደረቀ እንደ ሲሚንቶ ይሆናል።

ለ. ሞተሩ እየሠራ የቤንዚኑን ቱቦ ንቀሉ። ራሱ እስኪጠፋ ጠብቁ። ካርቡራቶሩ ውስጥ የሚቀር ቤንዚን ወራት ሲቆይ ወደ ሙጫነት ይቀየርና ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ቱ ስትሮክ ከሆነ ዘይት የተቀላቀለበት ስለሆነ የባሰ ነው።

ሐ. ካንዴላውን ፍቱ። በቀዳዳው ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ አድርጉ። የማስነሻ ገመዱን ሦስት አራት ጊዜ በቀስታ ሳቡ። ዘይቱ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይቀባል፤ ዝገት አይዝም። ካንዴላውን መልሳችሁ እሰሩ።

መ. ፕሮፔለሩን አውልቁ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከበስተኋላው ያለውን ዘንግ በጣታችሁ ዳስሱ። የዓሣ ማጥመጃ ክር ተጠምጥሞ ታገኙ ይሆናል። እኔ አንድ ዓመት ክንድ የሚያህል አውጥቻለሁ። ክሩ ቀስ እያለ የዘይት መከላከያውን ጎማ ይቆርጠዋል። ክሩን አውጡ፤ ዘንጉን ግራሶ ቀብታችሁ ፕሮፔለሩን መልሱ።

ሠ. የማርሽ ዘይቱን ከታችኛው ቡሎን በኩል ትንሽ አፍስሱና ቀለሙን እዩ። ጥቁር ወይም ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቷል። አሁኑኑ መካኒክ ጋር ውሰዱት። ውሃው እስከ ሚያዝያ እዚያው ከቆየ ማርሹን ይበላዋል።

ረ. ቆሞ እንዳለ አስቀምጡት። ከተጋደመ በውስጡ የቀረ ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ሊሄድ ይችላል።

*ማስጠንቀቂያ፦ ሞተሩን «ለአንድ አፍታ ልሞክረው» ብላችሁ ያለ ውሃ እንዳታስነሱት። ውሃ የሚስበው የጎማ ክንፍ ሲደርቅ በጥቂት ሰከንዶች ይቃጠላል።*

ደረጃ 2፦ ጥላውንና ጌጡን አራግፉ

ሸራው፣ ባንዲራው፣ አምፖሉ፣ ፊኛው፣ ሁሉም ይውረድ። የሚውለበለብ ነገር ዳክዬን ከምንም በላይ ያስደነግጣል። ሸራው ንፋስ ስለሚይዝም በመቅዘፊያ ስትሄዱ ጀልባዋን ወደ ጎን ይገፋታል። ሸራውን ሳታደርቁ እንዳታጥፉት። ይሻግታል።

ደረጃ 3፦ ቀዳዳ ፈልጉ

ጀልባዋን ደረቅ መሬት ላይ በሁለት ግንድ አስቀምጧት። አሁን ውሃውን ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ጨምሩ። አምስት ስድስት ባልዲ ይበቃል። ከዚያ ወርዳችሁ ከሥር እዩ። የሚንጠባጠብበትን ቦታ በጠመኔ አክብቡ። ይህ ዘዴ የሚሻለው ቀዳዳውን በትክክል ስለሚያሳይ ነው። ውሃ ላይ ሆናችሁ ብትፈልጉ ግን ውሃው ተንሸራቶ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ስለሚሄድ ከየት እንደገባ አታውቁም።

ፋይበር ከሆነ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ይድረቅ። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉትና ድፈኑት። ሳይደርቅ የተደፈነ ፋይበር በወሩ ይላቀቃል። ብረት ከሆነ የላላውን ቡሎን አጥብቁ። ሽርሽር ላይ ትንሽ ውሃ ቢገባ ሰው እግሩን አንስቶ ይስቃል። በጥር ጠዋት ብርድ ካሜራ ይዛችሁ ስትቀመጡ ግን አያስቅም።

ደረጃ 4፦ ድምፁን ግደሉ

የረጋ ውሃ ድምፅን ሩቅ ይወስደዋል። የሰው ሹክሹክታ እንኳ ይሄዳል። የባሰው ግን ብረት ከብረት ሲጋጭ ነው።

ጀልባዋ ውስጥ ተቀመጡና ዓይናችሁን ጨፍኑ። ሰው ከጎን ቆሞ ጀልባዋን በቀስታ ይወዝውዛት። የምትሰሙትን እያንዳንዱን ድምፅ አስታውሱ። ሲጥ የሚል አለ፣ ኳ የሚል አለ፣ የሚንከባለል አለ። አንድ በአንድ አጥፏቸው።

ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፉ። የመቅዘፊያው መያዣ ቀለበት ላይ ከመነዳሪ ጠቅልላችሁ ቫዝሊን ቀቡ። ግራሶ አትቀቡ፤ እጃችሁን ያበላሻል፤ ከእጃችሁም ወደ ሌንሱ ያልፋል። የመልህቁ ሰንሰለት ካለ አውጡትና በገመድ ተኩት። ባልዲው ከጫፍ ጋር እንዳይጋጭ ጨርቅ አስሩበት። የሚንኮሻኮሽ ፌስታል ጀልባ ውስጥ አይግባ። ምግብ ካለ በጨርቅ ቋጥሩት።

ባለፈው ዓመት የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ሁሉንም አስተካክዬ ነበር። የግራው ቀለበት ብቻ ቫዝሊን ሳይነካው ቀረ። ጎህ ሲቀድ ሁለት መቶ የሚሆኑ ዳክዬዎች ከፊቴ ተኝተዋል። አንዷ ጭንቅላቷን ከክንፏ ውስጥ አወጣች። አንገቷን አሰገገች። እኔ አንድ ጊዜ ቀዘፍኩ። ሲጥ አለ። ሁለተኛዋ አንገቷን አወጣች፣ ሦስተኛዋ፣ ከዚያ ሁሉም። ሦስተኛውን ቀዘፋ ሳልጨርስ ውሃው ባዶ ሆነ።

ደረጃ 5፦ መከለያውን ሥሩ

ይህ ዋናው ሥራ ነው። ግማሽ ቀን ስጡት።

በመጀመሪያ ዘንጎቹን በጀልባዋ ጠርዝ ላይ አቁሙ። በየጎኑ አራት አራት። ስትቀመጡ ከትከሻችሁ ትንሽ ከፍ ይበሉ፤ ከዚያ በላይ አትሂዱ። ከፍ ያለ መከለያ ንፋስ ይይዛል፤ ጀልባዋንም ያንጋድዳታል። ዘንጎቹን በሲባጎ አጥብቃችሁ እሰሩ። ምስማር አትምቱ። ጀልባዋ ክረምት ላይ ወደ ሽርሽሯ ትመለሳለች።

ቀጥሎ ጆንያዎቹን ተርትራችሁ ዘርጉ። በዘንጎቹ ዙሪያ አልብሷቸው። ከታች እስከ ውሃው ጠርዝ ይውረዱ፤ ውሃ ውስጥ ግን አይግቡ። የረጠበ ጆንያ ይከብዳል፣ መቅዘፊያም ይይዛል። አንድ ባልዲ ጭቃ በጥብጣችሁ በጆንያው ላይ በመጥረጊያ እርጩበት። ቀለሙ ከዳሩ ጋር ይመሳሰላል።

የፕላስቲክ ማዳበሪያ ያልኳችሁ እዚህ ነው ችግሩ። ያበራል። ፀሐይ ስትወጣ እንደ መስታወት ያንጸባርቃል፤ ንፋስ ሲነካውም ይንኮሻኮሻል። ጭቃ ብትቀቡትም አይዝም። የመጀመሪያ ዓመቴን በዚህ ነው ያባከንኩት።

አሁን የማሽላ አገዳው። ይህ በመስከረሙ ዝግጅት አይደርስም፤ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ አጨዳው ሲጀመር በየማሳው ዳር ታገኙታላችሁ፤ ያኔ ጨምሩበት። ከገበሬው ግዙት እንጂ ዝም ብላችሁ አታንሱ። ለእናንተ ጌጥ ነው፤ ለእሱ የከብት መኖና ማገዶ ነው። ሦስት አራቱን አንድ ላይ እየያዛችሁ በጆንያው ላይ በሲባጎ ስፉት። ሁሉም ቀጥ ብሎ አይቁም። ግማሹ ይዘንበል፣ ግማሹ ይጠር። ተፈጥሮ በመስመር አይቆምም፤ ዳክዬም ይህን ታውቃለች። ዳር ላይ የበቀለ ቄጤማ ካለ ጥቂት ቀላቅሉበት። ነቅላችሁ ግን አትጨርሱት፤ ወፎቹ የሚሸሸጉበት እሱ ነው።

«ገረባውስ አይሆንም?» የሚሉኝ አሉ። ከየበርጫው የሚጣለው የጫት ትራፊ ብዙ ነውና ጥያቄው ተገቢ ነው። ሞክሬዋለሁ። በአንድ ቀን ይደርቃል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ጀልባዋ ውስጥ ይሞላል። ስትረግጡትም ይንኮሻኮሻል። ለፍየሎቹ ተዉት።

በመጨረሻ በመከለያው ላይ ሌንስ የሚወጣበት ቀዳዳ ተዉ። ከፊት አንድ፣ ከየጎኑ አንድ። ስፋቱ ጭብጥ ያህል ይሁን። ሰፊ ከሆነ ፊታችሁ ይታያል። በጨለማ ውስጥ የሰው ፊት ከሩቅ ያበራል።

ደረጃ 6፦ በቀን ሞክሩ

መከለያ የለበሰች ጀልባ የምታውቋት ጀልባ አይደለችም። ስለዚህ በጠራራ ቀን፣ ዳር ዳሩን፣ ጃኬት ለብሳችሁ ሞክሯት። ክረምት ላይ ስድስት ሰው የምትጭን ከነበረች አሁን ሁለት ሰው ይበቃታል፤ ቢበዛ ሦስት። አገዳውና ጆንያው ጤዛ ሲጠጣ ክብደቱ ይጨምራል።

አንዱ ሲነሳ ሌላው ይቀመጥ። ማንም ቆሞ ፎቶ አያንሳ። በመከለያው ላይ አትደገፉ፤ ወንበር መደገፊያ አይደለም።

ሞተር ይዛችሁ ለመጠባበቂያ መሄድ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ይህን አስቡ። ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታው 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ሐረማያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ነው። ስለዚህ አንድ አምስተኛው ጉልበት የለም ማለት ነው። ንፋስ የያዘውን መከለያ መጎተት ሊያቅተው ይችላል።

ደረጃ 7፦ ከዋዜማው ቦታ እዩ

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ዳሩን በእግር ዙሩ። መነጽራችሁን ይዛችሁ ወፎቹ የት እንደሚያርፉ ተመልከቱ። ጠዋትም እዚያው አካባቢ ታገኟቸዋላችሁ።

ከዚያ ገበሬዎቹን አነጋግሩ። ሰላምታውን በኦሮምኛ ጀምሩት፤ ፊታቸው ሲፈታ ታያላችሁ። የምትጠይቁት ሦስት ነገር ነው። የውሃ ፓምፖቹ የት ናቸው? ቱቦው እስከ የት ይገባል? መረብ የተጣለው የት ነው? ጫትና አትክልት የሚያጠጡት ከሐይቁ ስበው ነው። በጨለማ ቱቦ ላይ ብትሄዱ መቅዘፊያችሁ ይያዛል፤ የሰውም ንብረት ይበላሻል። መረብ ቢቀደድ ደግሞ የአንድ ቤተሰብ እራት ነው። ቦታዎቹን በወረቀት ሥሏቸው።

መግቢያችሁንም ምረጡ። ውሃው ሲሸሽ ዳሩ ላይ ጭቃው ከላይ ይደርቃል፤ ከሥር ግን ገና ሊጥ ነው። የመግፊያ ዘንጉን ተክላችሁ ሞክሩ። ዘንጉ ያለ ጉልበት ከገባ እግራችሁም ይገባል።

ደረጃ 8፦ በጨለማ ግቡ

በጥቅምት ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው። በጥር ወደ 12 ሰዓት ተኩል ትዘገያለች። ከዚያ በፊት 45 ደቂቃ ቀድማችሁ ቦታችሁ ላይ ሁኑ። ወፎቹ ሲነቁ እናንተ እዚያ የነበራችሁ መምሰል አለባችሁ።

ከድሬ የምትመጡ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታችሁ የደንገጎን ጠመዝማዛ በእንቅልፍ ዓይን አትንዱ። ሐረር ወይም ሐረማያ እደሩ። ደግሞም ልብሳችሁን አስቡበት። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ነች። ስትነሱ በካናቴራ ያላባችሁ ሰዎች ሐይቁ ላይ ጥርሳችሁ ይንቀጫቀጫል። የቀዘቀዘ ጣት የካሜራውን ቁልፍ አያገኝም።

በሁለቱም ጫፍ መልህቅ ጣሉ። አንድ ብቻ ከጣላችሁ ጀልባዋ ንፋሱን እየተከተለች ትዞራለች። ቀዳዳዎቻችሁም ወደማትፈልጉት ይዞራሉ። መልህቁን አትወርውሩ፤ በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ አውርዱ። ፀሐይ ከጀርባችሁ እንድትሆን ፊታችሁን ወደ ምዕራብ አዙሩ። ያኔ ብርሃኑ ወፉ ላይ ያርፋል፣ እናንተ ደግሞ በዓይኗ ላይ ካለው ብርሃን የተነሳ አትታዩም።

ደረጃ 9፦ አቀራረቡ

ከሁሉ የሚሻለው ወፎቹ እንዲመጡ መጠበቅ ነው። ካልመጡና መጠጋት ካለባችሁ ግን እንዲህ አድርጉ።

በቀጥታ ወደ እነሱ አትሂዱ። ቀጥታ የሚመጣ ነገር አዳኝ ነው። በጎን አልፋችሁ የምትሄዱ መስላችሁ በሰያፍ ቅረቡ። ከቻላችሁ መቅዘፉን ትታችሁ ንፋሱ እንዲወስዳችሁ አድርጉ። ከ100 ሜትር ላይ ቁሙና አምስት ደቂቃ አትንቀሳቀሱ። ምግባቸውን ከቀጠሉ አሥር ሜትር። ደግሞ ቁሙ።

ዓይናችሁ አንገታቸው ላይ ይሁን። ጭንቅላቷ ክንፏ ውስጥ ከሆነ ተኝታለች። አንገቷ አጥሮ ምንቃሯ ውሃ ውስጥ ከሆነ እየበላች ነው። አንገቷ ቀጥ ብሎ ከቆመ አይታችኋለች። አንድ አንገት ሲቆም ቁሙ። ብዙ አንገት ሲቆም ወደ ኋላ ተመለሱ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ መዋኘት ከጀመሩ ሊነሱ ነው። ከ50 ሜትር በታች ለመቅረብ አትታገሉ። እነዚህ ወፎች በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በርረው የመጡ ናቸው። በየጠዋቱ እያስነሳናቸው ያጠራቀሙትን ስብ ብናስጨርሳቸው ለመልሱ ጉዞ ምን ይቀራቸዋል?

የማሽላውን ከረጢት በጀልባዋ ጠርዝ ላይ አስቀምጡና ሌንሱን አስደግፉበት። ሦስት እግር ማቆሚያ ጀልባ ላይ አይሠራም፤ የጀልባዋን መወዛወዝ ሁሉ ለካሜራው ያቀብላል። ከረጢቱ ይውጠዋል። ለሚበር ወፍ የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት 1/1000 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ አድርጉ። መነጽር ላይ 8 እጥፍ ያልኳችሁም ለዚሁ ነው። 10 እጥፍ የሚያጎላው የእጃችሁንም መንቀጥቀጥ ያጎላል።

ስትለዩ ከቀለም ይልቅ ቅርጽ እዩ። ምንቃሯ እንደ ማንኪያ ጫፉ የሰፋ አለች። አንገቷ ቀጭንና ረጅም፣ ጭራዋ ሹል የሆነች አለች። ሁለቱም ከሰሜን የመጡ እንግዶች ናቸው። ምንቃሯ ደማቅ ቢጫ የሆነችው ግን የአገራችን ነዋሪ ናት። ጥቁር ሆና ግንባሯና ምንቃሯ ነጭ የሆነችው፣ ከግንባሯም በላይ ሁለት ቀይ እብጠት ያላት፣ ዳክዬ አይደለችም። ስትነሳም ትለያለች፤ ውሃው ላይ ረጅም ርቀት ሮጣ ነው የምትበረው። ማንኪያ ምንቃሯ ግን ካለችበት ወደ ላይ ዘላ ትነሳለች።

ደረጃ 10፦ ከ4 ሰዓት በፊት ውጡ

ረፈድ ሲል ብዙ ጊዜ ንፋስ ይነሳል። መከለያችሁ ሸራ ይሆናል። ስለዚህ ወፎቹ ቢኖሩም 4 ሰዓት ሳይሞላ ወደ ዳር ተመለሱ። ጆንያውን አውልቃችሁ ፀሐይ ላይ ስጡት። በእርጥቡ ከተከመረ ይበሰብሳል፣ አይጥም ይገባበታል። የጀልባዋን ወለል አድርቁ። ገረባም ይሁን የውሃ ላስቲክ ሐይቁ ላይ የተረፈ ካለ ይዛችሁ ውጡ።

ማስጠንቀቂያዎች

የሕይወት አድን ጃኬቱን ከወፍራሙ ጃኬት በላይ ልበሱ። ከሥር የተለበሰ በችግር ጊዜ ያንቃል። ዋና እችላለሁ ብላችሁ አትተዉት። ብርድ፣ ቡትና ጭቃ አንድ ላይ ሲሆኑ ዋናተኛውንም ይይዙታል።

ቡታችሁ ውሃ ከገባበት ወዲያው አውልቁና ደረቅ ፎጣ ተጠቀሙ። ቀንድ አውጣ ባለበት የረጋ ውሃ ቢልሃርዚያ ሊኖር ይችላል። በባዶ እግር ጀልባ መግፋት ይቅር።

ጭቃ ውስጥ ከተያዛችሁ አትታገሉ። መቅዘፊያውን አግድም አስተኙ፣ በላዩ ላይ ተደገፉ፣ እግራችሁን ተራ በተራ ቀስ ብላችሁ አውጡ። ፊሽካው አንገታችሁ ላይ ይሁን።

ብቻችሁን አትግቡ። የት እንደምትገቡና ስንት ሰዓት እንደምትወጡ ዳር ላለ ሰው ንገሩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው

መከለያውን አሳምሮ ሠርቶ ነጭ ኮፍያ ማድረግ። በተለይ ዓርብና እሁድ ከጸሎት መልስ በለበሱት ነጭ ልብስ የሚመጡ አሉ። ቡናማ ወይም አመድማ ጋቢ ደርቡበት።

ስልክን ድምፅ አልባ አድርጎ ስክሪኑን መርሳት። በጨለማ ፊታችሁን እንደ ፋኖስ ያበራዋል።

ዳቦ መወርወር። ዳክዬዎቹን የሚያቀርብ ይመስላል። እነዚህ የዱር ወፎች ናቸው፤ ዳቦ አይለምዱም፣ መልመድም የለባቸውም።

በየቀኑ አንድ ቦታ መግባት። በሦስተኛው ቀን ወፎቹ ቦታውን ይተዉታል። ቢያንስ ሦስት አራት ቀን አሳርፉት።

የመጨረሻው ደግሞ ሞተሩን መርሳት ነው። ያሳረፋችሁበትን ቀን፣ የማርሽ ዘይቱን ቀለምና የተካችሁትን ዕቃ በወረቀት ጽፋችሁ በፌስታል ጠቅልሉና ሞተሩ ላይ እሰሩት። ሚያዝያ ላይ ዳክዬዎቹ ሲሄዱ አዲስ ቤንዚን፣ አዲስ ካንዴላ፣ ከዚያ በርሜሉ ውስጥ አስነሱት።